ፍሬዘር የሄደ ዕለት የት ነበሩ?

ጅማ፣ ጥር 14 ቀን 1991 ዓ.ም.

ባሕር ተሻግራ ለምትኖረው ለልጄ ለፋንቱ ይድረስ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ፣ ያ የሚያስቸግርሽ መንጋጋሽስ ተሻለው? እመቤታችን ያለሽበትን ቤት ግድግዳውን ሳይቀር ትጠብቅልሽ። እኛ አለን። ጉልበቴ ስነሣ ከመንቋቋቱ በቀር ምንም አልሆንኩም።

የላክሽው መቀስ ደረሰኝ። አቤት ስለቱ! ካኪ አራት እጥፍ አድርጌ ስቆርጥበት ድምፁም አልተሰማ። በረንዳዬ ላይ የሚውሉት ሴቶች እየተቀባበሉ አዩት፤ አንዷማ «ይሄንን ለባሌ ጢም ባደረግሁት» ብላ አሳቀችን። ከተመቸሽ ደግሞ ክር ላኪልኝ፣ ጥቁርና ነጭ። የዚህ አገሩ መርፌ ላይ እየተበጠሰ አስለቅሶኛል።

ወሬ ከፈለግሽ ዳቦ ቤት ያላት ጽዮናዊት ሦስተኛ ባሏን አገባች። ቀሚሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ወገቡን ሁለት ጊዜ አስፋሁት። «ድግሱ ነው ያወፈረኝ» ትላለች። እኛም እሺ ብለናል፤ እስከ ግንቦት ድረስ ድግሱ ስም ይወጣለታል።

ሌላው፣ ብቻ አትደንግጪ፣ ልጅሽ ፍሬዘር ዘምቷል። ታኅሣሥ ላይ ነው። ከሰፈራችን አሥራ አንድ ልጆች አብረው ሄዱ። ጦርነቱ ከተነሣ ሬዲዮኑ ሌላ ወሬ እንደሌለው እዚያም ሆነሽ ሳትሰሚ አትቀሪም። ወዶ ነው የሄደው፣ ከጓደኞቹ መቅረት አልፈለገም፤ የወጣት ነገር ታውቂ የለ። ሽኝቱ ያማረ ነበር። ለእናቴ ሰላም በሉልኝ ብሏል። የኔው ለይኩን ደግሞ ሊሙ ገነት ቡና ማጠቢያ ሥራ ይዟል። ሁለቱም ከሄዱ ቤቱ ጭር ብሎብኝ እኔና የስፌት መኪናዬ ቀረን።

ሸኩር ሰላም ብሎሻል። ደብዳቤሽ አሁንም በእሱ ፖስታ ሣጥን ይምጣ፤ ሄርማታ ገበያ ሱቁ ስሄድ ይሰጠኛል።

ያንቺው ብርሃንነሽ


ቤይሩት፣ መጋቢት 9 ቀን 1991 ዓ.ም.

ልጄን እንደ እናት ለያዙልኝ ለተከበሩ ለእትዬ ብርሃንነሽ፣

ጉልበትዎን እየሳምኩ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እግዚአብሔር ጤናውንና ዕድሜውን አብዝቶ ይስጥዎ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ጥርሴን አስነቅዬዋለሁ።

ደብዳቤዎን ያገኘሁት ፈድሊያ ቤት ነው። ፈድሊያን ያውቋታል፣ የሄርማታው የጨርቅ ነጋዴ ልጅ። እዚህ እንደኔ ማዳም ቤት አታድርም፤ ክፍል ተከራይታ በሰዓት ነው የምትሠራው። ስለዚህ የሁላችንም ደብዳቤ በእሷ አድራሻ ይመጣል። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እሑድ ስንወጣ እዚያ እንገናኛለን። ማንበብ ለማይችሉት የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ብዙዎቹ አይችሉም። ስንት ሠርግ፣ ስንት ክርስትና፣ ስንት የላም መውለድ በእኔ አፍ ተነግሯል! የእርስዎንም «የጅማ ወሬ አሰሚን» ስላሉኝ ጮክ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ጽዮናዊት ላይ ደርሰን ሁላችንም ስንስቅ ቀጣዩን መስመር ለብቻዬ አነበብኩት።

እትዬ፣ አልተቆጣሁም። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነው፤ እኔ ትቼው ስሄድ አሥራ አምስት ነበር፤ ማን ነኝና እቆጣለሁ። ግን ሁሉንም ጽፈውልኝ የልጄን ነገር በአራት መስመር ጨረሱት። ቀኑ ስንት ነበር? ምን ለብሶ ሄደ? በልቶ ነው የሄደው? መኪናው ላይ ሲወጣ እርስዎ የት ቆመው ነበር? ዞር ብሎ አየዎት? ቀኑን ከነገሩኝ እኔም በዚያ ሰዓት ምን እያደረግሁ እንደነበር ማስታወስ እፈልጋለሁ። ሞኝነት ይመስልዎት ይሆናል። ይሁን፣ ይጻፉልኝ።

ክሩን በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

ልጅዎ ፋንቱ


ጅማ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለፋንቱ፣

ክረምቱ እንዴት አደረገሽ ልበልሽ ወይስ እናንተ ጋ በጋ ነው? ብቻ የትም ሁኚ በሰላም ኑሪልኝ። እዚህ ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ አላባራም። በረንዳዬ ላይ ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ደንበኞቼ ጃንጥላ ዘርግተው ነው የሚለኩት።

መልስ የዘገየው እጄን አሞኝ ነው። ጽዮናዊት ወንድ ልጅ ወለደች። ሚያዝያ ላይ። ቆጥረሽ ድረሺበት። ባልየው «ያለ ጊዜው ነው የተወለደው» እያለ ሲያስተባብል ሕፃኑ አራት ኪሎ ይመዝናል! ቡና ደግሞ ዋጋው ወርዶ ወርዶ አጋሮ ያሉ ባለ ቡናዎች ፊታቸው ጠቁሯል። ሱሪ የሚያሰፋ ጠፋ፤ የሚያስጠግን ብቻ ነው የሚመጣው።

ፍሬዘር ደህና ነው። በሰው እጅ አንዲት ወረቀት ልኳል። ብርዱ ከባድ እንደሆነ፣ ጫማው ልኩ እንደሆነ፣ ፀጉሩን ራሱ እንደሚላጭና ጓዶቹንም እየላጨ ስም እንዳተረፈ ጽፏል። «እናቴን አታስጨንቋት» ይላል። እንግዲህ አንቺም አትጨነቂ።

የሄደው ታኅሣሥ 19 ነው፣ የገብርኤል ዕለት። የለበሰው ያንን ሰማያዊ ሹራብ። ሕዝቡ ብዙ ስለነበረ ማን የት እንደቆመ አላስታውስም፤ ሁላችንም ነበርን። ሸኩር ሰሞኑን ሱቁ ስሄድ «ሃዳ ለይኩን» ይለኛል። በኦሮምኛ የለይኩን እናት ማለቱ ነው፤ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። «ሃዳ ለይኩን፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ አላህ ይመልሰዋል፤ አንቺም ስላንቺ ዱዓ አድርጊ» አለኝ። ለምን ስላንቺ እንዳለኝ እንጃ። እሱ ደግሞ መምከር ይወዳል።

ከቻልሽ ሰማያዊ ክርም ጨምሪልኝ፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ወቅት እየመጣ ነው።

ብርሃንነሽ


ቤይሩት፣ ነሐሴ 11 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ብርሃንነሽ፣

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። ሁለት ደብዳቤ፣ አንድ ካርቶን ክር ልኬ መልስ አላገኘሁም። መንገድ ላይ ጠፍቶ ነው ብዬ ይህን ሦስተኛውን ጻፍኩ።

ገብርኤል ዕለት ያሉኝን አሰብኩት። ፈረንጆቹ ገናቸውን ባከበሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ማዳም ቤት እንግዳ ነበረ። ጠዋት ሙሉ ብርጭቆ ሳጥብ ነበር። አንዱ እጄ ላይ ተሰብሮ ማዳም ጮኸችብኝ። እንግዲህ ልጄ ሲሄድ እኔ የብርጭቆ ስባሪ እየለቀምኩ ነበር። ማወቁ ምን እንደሚጠቅመኝ አልነግርዎትም፤ ግን ይዤዋለሁ።

እትዬ፣ ሰኔ ላይ ተኩስ ቆመ ተብሎ እዚህ ያለነው ሁሉ እንደ እብድ ነው የተቃቀፍነው። የአንዷ ወንድም ደሴ ገባ። የሌላዋ እጮኛ እግሩን ቆስሎ ሆስፒታል እንዳለ ተጻፈላት፤ ቆስሎም ደስ አላት። የኔስ? ሆስፒታል ከሆነም ይንገሩኝ። እጅ ቢያጣ እጅ እሆነዋለሁ። ደግሞ ያን ዕለት እርስዎ የት እንደቆሙ አልነገሩኝም። «ሁላችንም ነበርን» መልስ አይደለም።

ፋንቱ


ጅማ፣ ጥር 27 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋንቱ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎችሽ ሁሉም ደርሰውኛል፤ ክሩም ደርሷል። ብዙ ነው፤ ከእንግዲህ አትላኪ።

የሚመለሱት በየተራ ነው ይላሉ። የመጣ አለ፣ ያልመጣ አለ። ሠራዊቱ ሩቅ ነው ያለው፣ ድንበሩን እየጠበቁ ነው። ስለ ፍሬዘር የተለየ የሰማሁት የለም። ጸሎት አድርጊ።

ለይኩን ደህና ነው፤ ሊሙ ነው። አገሩም ሰላም ነው። ጽዮናዊትም ደህና ናት።

ምንም አትላኪልኝ። ሁሉም ነገር አለኝ።

ብርሃንነሽ


ቤይሩት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርሃንነሽ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ስድስት ጊዜ አነበብኩት፤ ለማንበብ አንድ ደቂቃም አይፈጅም። እርስዎ መቀስ ሲያምርዎ መቀስ ይላሉ፣ ክር ሲያልቅ ክር ይላሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሳይጠይቁኝ ጽፈው አያውቁም፤ ደስም ይለኝ ነበር። አሁን ምንም አትላኪ አሉኝ። ጽዮናዊትም «ደህና ናት» ብቻ ሆነች። የሰው ደብዳቤ ሳነብ ነው የምኖረው፤ ሰው ሲደብቅ እንዴት እንደሚጽፍ አውቃለሁ።

የሚያውቁት ካለ ይንገሩኝ። ከሌለ ደግሞ ክር ይጠይቁኝ።

ፋንቱ


ጅማ፣ ሰኔ 5 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈድሊያ፣

አሰላሙ አለይኩም የኔ ልጅ። እኔ ብርሃንነሽ ነኝ፣ ልብስ ሰፊዋ። አንደኛ ክፍል ስትገቢ ዩኒፎርምሽን የሰፋሁልሽ፣ ኪሱ ትንሽ ነው ብለሽ ያለቀስሽብኝ። እናትሽ ደህና ናት፣ ትናንት አግኝቻታለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ትልቅ አደራ ልጥልብሽ ነው፤ ለብቻሽ አንብቢው።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ የጦርነቱ መርዶ በየቤቱ ተነገረ። ሁሉም በአንድ ቀን ነው የተረዳው። አሁን ሰዉ ሲገናኝ ሌላ ጨዋታ የለውም፤ አንቺ የት ነበርሽ፣ አንተ የት ነበርክ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ወፍጮ ቤት ነበረች፤ ዱቄቷን እያፈሰሰች ስትሮጥ መንገዱ እስከ ቤቷ ድረስ ነጭ ሆነ። አንዱ አስተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ከውጭ ጩኸት ሰምቶ፣ የኔ ነው የሌላ ሰው ሳይል ጠመኔውን እንደያዘ ወጣ። እኔ በረንዳዬ ላይ የሙሽራ ሚዜ ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር። ሦስት ሰዎች ጋቢ ለብሰው ሲመጡ አየኋቸው። ወደ ሌላ ቤት እንዲያልፉ ስፌቱን አልተውኩም፤ መኪናዬን እየረገጥኩ አንገቴን ደፋሁ። አላለፉም።

ፍሬዘር የለም። ግንቦት 1992 ነው ያረፈው። እኔ ቀድሜ አውቄው ነበር። ሣህሉ የሚባል አብሮት የዘመተ ልጅ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ሹክ ብሎኝ ሄደ። በሹክሹክታ የሰማሁትን እንዴት መርዶ ላድርገው? ተሳስቶ ይሆናል እያልኩ ሁለት ዓመት ያዝኩት።

አሁን አደራዬ ይህ ነው። ፋንቱ ለብቻዋ እንዳትሰማ። ባዕድ አገር፣ ማዳም ቤት፣ ሳህን እያጠበች መርዶ አይሰማም። እሑድ ቀን ልጆቹን ሁሉ ሰብስቢ። ወገን የሞተባት፣ ሐዘን የምታውቅ ሴት ትኑርበት። መጀመሪያ ታሟል በሉ፣ ቀጥሎ ጠንቷል በሉ፤ ከዚያ ራሷ ትረዳዋለች። እጇን ሁለት ሰው ይያዛት። ስታለቅስ ዝም በይ አትበሏት፤ ስሙን እየጠራች ታልቅስ። በረንዳ ያለበት ቤት አይሁን፤ እናንተ አገር ስለ በረንዳ የምሰማው ያስፈራኛል። ሦስቱን ቀን አብራችኋት እደሩ። ለማዳሟም አንዳችሁ ንገሩልኝ።

የኔ ልጅ፣ እኔ ማድረግ የነበረብኝን ነው አንቺን የማዝሽ። አላህ ያጽናሽ።

ብርሃንነሽ


ቤይሩት፣ ነሐሴ 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርሃንነሽ፣

ሰላም ይሁንልዎ።

የት ነበርሽ መባባል ከተጀመረ እኔም የነበርኩበትን ልንገርዎ። እሑድ ነበር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። ፈድሊያ ክፍል ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነጭ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ሌሎቹ ገና አልመጡም። እሷ መስታወት ፊት ቆማ ሂጃቧን ታስተካክላለች። «ፖስታ መጥቶልኛል፣ እስቲ አንብቢልኝ» ብላ ወረወረችልኝ። የእርስዎን ጽሕፈት አወቅሁት።

«እንዴ፣ እትዬ ላንቺም ይጽፉልሻል?» አልኳት።

«ባል አግኝተውልኝ ይሆናላ! ቶሎ በይ፣ ቁመቱን ንገሪኝ» አለች።

እየሳቅሁ ከፈትኩት። እትዬ፣ ፈድሊያ አማርኛ ማንበብ አትችልም። የሰፉላትን ዩኒፎርም ሁለት ዓመት ነው የለበሰችው፤ ከዚያ አባቷ ሱቅ አስገባት። ቁርአኗን ትቀራለች፤ የኛን ፊደል ግን ረስታዋለች። የእሷን ደብዳቤ ሁሉ የማነብላት እኔ ነኝ። ከማይችሉት አንዷ እሷ መሆኗን አልጻፍኩልዎትም ነበር፤ ያሳፍራታል ብዬ።

«ለብቻሽ አንብቢው» የሚለውን ራሱን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሳቀች። ወፍጮ ቤቱን አነበብኩ፣ አስተማሪውን አነበብኩ። «ፍሬዘር የለም» የሚለውንም አነበብኩት። ድምፄ አልተሰበረም። የሰው ደብዳቤ የማንበብ ልማድ ነው መሰለኝ፤ አፌ ብቻውን ሄደ። ሣህሉን፣ ሹክሹክታውን፣ ሁለት ዓመቱን አነበብኩ። ፋንቱ ለብቻዋ እንዳትሰማ የሚለውን አነበብኩ። እጇን ሁለት ሰው ይያዛት የሚለውን ሳነብ አንዱ እጄ ደብዳቤውን፣ አንዱ እጄ ቢላዋውን ይዟል። ፈድሊያ መስታወቱ ውስጥ ነበረች፤ ፊቷ ሲለወጥ ያየሁት እዚያው መስታወቱ ውስጥ ነው። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ፣ ተይው፣ አታንብቢው» እያለች መጥታ ከእጄ ለመንጠቅ ታገለችኝ። አልሰጠኋትም። «አላህ ያጽናሽ» የሚለው ድረስ ጨረስኩላት። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም። ልጆቹ ሲመጡ እሷ ናት ጮኻ የተቀበለቻቸው።

የመርዶ አነጋገሩን በደንብ ነው የጻፉላት፤ ምንም አልቀረዎትም። እሷንም አልወቅሳት፣ እርስዎንም በዚህ አልወቅስዎት። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ልጄ እንዳለ አድርጌ ሹራብ ሠርቼለታለሁ።

እትዬ፣ በዚያ ደብዳቤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መርዶው ቀን የት እንደነበረ ጻፉ። የጠመኔው ሳይቀር። እኔ የምጠይቅዎት ቀን ሌላ ነው። ሦስት ዓመት ተኩል ጠየቅሁዎት። ፍሬዘር የሄደ ዕለት የት ነበሩ?

ፋንቱ


ጅማ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለፋንቱ፣

ጤናሽን እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ አላውቅም። ስለዚህ ወደ ጥያቄሽ ልሂድ።

ሊሙ ገነት ነበርኩ።

ኅዳር ላይ መዝጋቢዎች በየቤቱ ዞሩ። በረንዳዬ ላይ ቆመው «ዕድሜያቸው የደረሰ ወንዶች ስንት አሉ?» አሉኝ። ሁለቱም ውስጥ ዳማ ይጫወቱ ነበር። ሳቃቸው እስከ በረንዳው ይሰማል፤ ፍሬዘር አሸንፎ ለይኩን «አጭበርብረሃል» እያለው ነበር። አንድ ነው አልኳቸው። ስም አሉኝ። የፍሬዘርን ሰጠሁ። ያኛው ድምፅ የማን ነው ሲሉኝ ከሊሙ የመጣ እንግዳ ነው አልኩ። ይህን ሳስብ አልቆየሁም። አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር የቆየው።

ውስጥ ስገባ ዳማው ቆሟል። ራት ላይ ፍሬዘር ቀና ብሎ ሳያየኝ «እማማ፣ አንድ ነው ያሏቸው?» አለኝ። አዎ አልኩ። «እሺ» አለና ሹሮውን በላ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሣብኝም። ክፉ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ውኃ ይቀዳልኝ ነበር፣ መኪናዬን ዘይት ይቀባልኝ ነበር፣ ልክ እንደ በፊቱ።

ከዚያ ውሸቴ እውነት እንዲሆን ለይኩንን ይዤው ወደ ሊሙ ሄድኩ። ታኅሣሥ 17 ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ የሚያውቀው ሰው ቡና ማጠቢያው ላይ አስገባልን። ለፍሬዘር በማግሥቱ እመለሳለሁ፣ ሳልሸኝህ አትሄድም አልኩት። ለሰው ሁሉ መኪና አጥቼ ነው እላለሁ። መኪና ነበር፤ ሁለት አለፈኝ። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

ቀሪውን ሸኩር ነው የነገረኝ፣ እኔ ጠይቄው። ገብርኤል ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፍሬዘር የቤቱን ቁልፍ ይዞ ሱቁ መጣ። በሩ ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሸኩር ዳቦና ሻይ አስመጣለት፤ ሻዩን ጠጣ፣ ዳቦውን ኪሱ ከተተ። የሊሙ መኪና መጥቶ ሱቁ ፊት በቆመ ቁጥር ብድግ ይላል፣ ሰው ወርዶ ሲያልቅ ይቀመጣል። «ሃዳ ለይኩን መንገድ ይዟታል፣ አብሽር፣ አይዞህ» ቢለው «አዎ፣ ትመጣለች» አለው። እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቀኝ። የዘማቾቹ መኪና መጥቶ ስሙ ሲጠራ ቁልፉን ለሸኩር ሰጥቶ ሄደ። እኔ የገባሁት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሸኩር ቁልፉን አቀብሎኝ ወደ ሱቁ ገባ። ስላንቺ ዱዓ አድርጊ ያለኝ ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔም ገብቶኛል፤ ላንቺ ነው እንጃ ያልኩሽ።

ይኸው ነው። የጨመርኩትም የቀነስኩትም የለም።

ፋንቱ፣ አሁን የምጠይቅሽ ነገር አለ። ክር አይደለም። ለይኩን እዚያው ሊሙ አግብቶ መስከረም 20 ቀን ወንድ ልጅ ተወለደለት። አርባው ሲሞላ ክርስትና ይነሣል፤ የክርስትና ስሙን ቄሱ ያወጡለታል። መጠሪያውን ግን ለይኩን ፍሬዘር ልበለው ብሎኛል። እኔም ካንቺ ሳልሰማ አይሆንም አልኩት። መልስሽ እስኪመጣ «ማሙሽ» እያልነው እንጠብቃለን። ከፈቀድሽልን ስሙ ከቤታችን አይጠፋም።

ብርሃንነሽ


ቤይሩት፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርሃንነሽ፣

ስለ ጻፉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ከልቤ ነው የምለው። አራት ዓመት የለመንኩዎት ይኼንን ነበር፤ ሰጥተውኛል። ሻዩን መጠጣቱን፣ ዳቦውን ኪሱ መክተቱን አሁን አውቃለሁ።

ሕፃኑ ይደግ፣ ትልቅ ይሁን። ለይኩንንም አልቀየምኩትም፤ ዳማ ሲጫወት ነው የነበረው። ስሙን ግን አልፈቅድም። ልጄን በስሙ ጠርተው የሰጡት እርስዎ ነዎት፤ በዚያው ስም ሌላ ልጅ ወደ ቤትዎ አይጠሩበትም። ማታ ማታ «ፍሬዘር፣ ና ብላ» ሲሉ እንዲሰማዎት አልፈልግም፤ ይለምዱታል። ሲለምዱት ደግሞ የኔው ያልቃል። ሌላ ስም ያውጡለት። ለይኩን የራሱ ልጅ፣ የራሱ ስም ይኑረው።

የማዳም ውሌ መጋቢት ላይ ያልቃል። አላድስም። ለፋሲካ አገሬ እገባለሁ። እርስዎ ቤት አላርፍም፤ የፈድሊያ እናት አልጋ አዘጋጅተውልኛል። ሰው ሰብስበው አይጠብቁኝ፣ ድንኳንም አያስተክሉ። ልቅሶዬን ጨርሻለሁ፤ ወለሉ ላይ፣ ከነ ሽንኩርቱ።

በደረስኩ ማግሥት ሸኩር ሱቅ እሄዳለሁ። ጽፌለታለሁ፣ አግዳሚዋ እንዳለች ነች ብሎኛል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሬ እዚያ እቀመጣለሁ።

መምጣት ከፈለጉ መንገዱን ያውቁታል። ስድስት ሰዓት ላይ እነሣለሁ።

ፋንቱ